እንዴት ይሠራል? የእንግሊዝኛው ሰምና ወርቅ

አንድ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሲያነብ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመው እንበል፤ ቃል በቃል ሲመለስ ነው፦ «ሚኒስትሩ በስስ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ነው፤ ከማዕበሉ ለመውጣት እጅ ሁሉ ወደ መርከቡ ወለል መውጣት አለበት።» ተማሪው ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። በረዶ ያውቃል፣ ማዕበል ያውቃል፣ መርከብም በሥዕል አይቷል። ሰዋስዉም አላስቸገረውም። ታዲያ ሚኒስትሩ ምን ሆኑ ቢሉት መልስ የለውም። መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥ ያው የሚያውቀውን መልሶ ይነግረዋል።

መጀመሪያ ያደናቀፈው በረዶው ነው። የኛ በረዶ በሐምሌ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ ጠጠር ነው እንጂ ሰው የሚሄድበት ሜዳ አይደለም። በጸሐፊው አገር ግን በብርዱ ወራት ሐይቁ ይጋገራል፣ ልጆች በላዩ ይንሸራተታሉ፣ ግግሩ ስስ ከሆነ ደግሞ ተሰብሮ ይውጣቸዋል። ይህን እያየ ያደገ ሰው ሳያስበው ይገባዋል፦ ሚኒስትሩ አደጋ ላይ ናቸው፣ አንዲት የተሳሳተች እርምጃ ትበቃቸዋለች። ቀጥሎ የመጣው መርከብም እንደዚያው ነው። «እጅ» የተባሉት መርከበኞች ናቸው፤ ማዕበል ሲመጣ የተኛውም የሚበላውም ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም ይረባረብ ለማለት ነው።

በትምህርት ቤት ይህ ሁሉ ዘይቤ ይባላል። አነጻጻሪ አለ፣ ተለዋጭ አለ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ አያዎ እያለ ዝርዝሩ ይቀጥላል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ያንኑ ዝርዝር ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን እያለ እንደገና ይሸመድደዋል። «እንደ» የሚል ቃል ካለበት አነጻጻሪ፣ ከሌለበት ተለዋጭ ብሎ ማክበብ ለፈተና ይጠቅማል። ሚኒስትሩ ምን እንደሆኑ ለማወቅ ግን ምንም አይረዳም። ስለዚህ ስሞቹን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርጋቸውና የነገሩን አሠራር እንመልከት።

አሠራሩን ለማየት ከካዛንቺስ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሰፈሩ ለዓመታት በአዝማሪ ቤቶቹ ይታወቅ ነበር፤ ውዝዋዜ አዋቂው መላኩ በላይ የመራው ፈንድቃ ከእነዚህ መካከል ስሙ ከአገር ውጭ ሳይቀር የወጣ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሳያውቀው የዘይቤ ትምህርት ይማራል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥሙን ይጥላል፤ አዝማሪው በማሲንቆ እየመታ ይደግመዋል፤ ቤቱ ለአንድ አፍታ ዝም ይላል፤ ከዚያ ከአንዱ ጥግ ሳቅ ይነሣና ወደ ሌላው ይዛመታል። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች አፍታ ዝምታ ውስጥ ነው። አድማጩ አንድ ነገር ሰምቶ ሌላ ነገር እየፈለገ ነው።

ለማሳያ አንዲት ሁለት መስመር ገጥሜያለሁ፤ እውነተኛ አዝማሪ ቢሰማት እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፦

ጌታው ከሩቅ መጥቶ ደጁ ጭር ብሎታል፤
ቤቶቹስ የት ሄዱ? ፈረሱ ያውቀዋል።

ሰሙ ግልጽ ነው። ከመንገድ የመጣ ጌታ አለ፣ የተሸከመው ፈረስ አለ፣ መንገዱን የሚያውቀው ፈረሱ ነው። «ፈረሱ» የሚለውን ቃል «ረ»ን አጥብቀን ብናነበውስ? ጥያቄው መልስ አገኘ፦ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ጌታውም ያውቀዋል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። አዝማሪው ሰሙን በአፉ ይሰጥና ወርቁን ለአድማጩ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲፈርስ ያየ ሰው ወርቁን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። ከሌላ አገር የመጣ አማርኛ አዋቂ ግን ቃሉን ቢያውቅም ላይስቅ ይችላል፤ የጎደለው ቋንቋው ሳይሆን ሰፈሩ ነው።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፣ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፣ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በለቀቀው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ልብ በሉ፦ ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው። ስለዚህ ሰሙ ተወግዶ የሚጣል ልባስ ብቻ አይደለም፤ ሰሙ ሌላ ቢሆን ወርቁም ሌላ ቅርጽ ይይዝ ነበር። ብዙ ሰው ዘይቤን «ማሳመሪያ» ብሎ ሲያልፈው ይህን ይዘነጋል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ለእነዚህ ሁለት ክፍሎች የተለየ ስም ያወጡላቸው ዘግይተው ነው። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለው የካምብሪጅ ሃያሲ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው የሥነ አነጋገር ፍልስፍና መጽሐፉ አንዱን «ቴነር»፣ ሌላውን «ቪሂክል» አላቸው። ቴነር የሚባለው የሚነገርለት ጉዳይ ነው፤ ቪሂክል ደግሞ ጉዳዩን ተሸክሞ የሚመጣው ሥዕል ነው። በዋሸራ ወይም በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤት የተቀመጠ ተማሪ ይህን ቢሰማ «ወርቅና ሰም ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ የራሱን አዲስ ቅኔ ያቀርባል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። አርስቶትል ዘይቤ መፍጠር ከሌላ የማይማሩት የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብሎ ጽፏል። የጎጃም መሪጌታዎች በዚህ የሚስማሙ አይመስለኝም፤ በየዓመቱ የሚያስመርቋቸው ተማሪዎች አሉና።

ይሁን እንጂ ሰምና ወርቃችንና የእንግሊዝኛው ተለዋጭ ዘይቤ አንድ ናቸው ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። በኛ ኅብረ ቃል ሁለቱ ትርጉሞች የሚገናኙት በአንድ ቃል ላይ ነው። «ፈረሱ» እንዳልነው። እንግሊዝኛም ይህ ዓይነት ጨዋታ አለው፤ ግን በአብዛኛው ለቀልድና ለማስታወቂያ ነው የሚያውሉት። ቁም ነገር ያዘለው ጽሑፋቸው የሚመካው በሌላ ነገር ላይ ነው፦ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች የሚጋሩት አንድ ጠባይ። ጠበቃውን «ሻርክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ክንፍና ጅራት አለው ማለቱ አይደለም። ውኃ ውስጥ ይኖራል ማለቱም አይደለም። ከሻርኩ ብዙ ጠባያት አንዱ ብቻ፣ ደም ሲሸተው የማይመለስ አዳኝነቱ ወደ ጠበቃው ተሻገረ። ሌላው ሁሉ ቀረ። አንባቢው የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፦ የትኛው ይሻገራል፣ የትኛው ይቀራል ብሎ መምረጥ።

እዚህ ላይ ነው አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ በተደጋጋሚ የሚሳሳተው፤ የሚሳሳተው ደግሞ ስላልገባው ሳይሆን ፈጥኖ ስለገባው ነው። ጉጉትን ውሰዱ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር «ጉጉት» ከተባሉ ሊቅነታቸው መነገሩ ነው፤ በዚያ አገር ጉጉት የጥበብ ወፍ ናት። እዚህ ግን ጉጉት ከቤት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሰው ያማትባል። የኛ አንባቢ ፕሮፌሰሩ ሟርተኛ ናቸው ብሎ ሊያልፍ ነው። ጅብም እንዲሁ ነው። እኛ ሰውን ጅብ ስንል ሆዳምነቱን፣ የማይጠግብ መሆኑን እናነሣለን፤ እንግሊዝኛው ከጅብ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሳቁን ነው። በግ ደግሞ እኛ ዘንድ የዋህ ሰው ነው፣ ሙገሳ ነው ማለት ይቻላል፤ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሕዝብ «በግ» ከተባለ ግን መንጋውን ተከትሎ የሚነዳ፣ የራሱ ሐሳብ የሌለው መባሉ ነው፤ ስድብ ነው። እንስሳው አንድ፣ የተሻገረው ጠባይ ሌላ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የምታውቁት እንስሳ ሲገጥማችሁ ከማታውቁት ይልቅ ተጠንቀቁ። የማታውቁትን ትጠይቃላችሁ፤ የምታውቁት ግን ጥያቄ ሳያስነሣ ያልፋችኋል።

ዘይቤ ከሚያሳየው እኩል ይደብቃል። ለዚህ ከኬፕ ታውን ተነሥቶ ካዛንቺስ የሚደርስ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። በየካቲት 3 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን በኬፕ ታውን በደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩ እስከ ዛሬ የሚታወቀው «የለውጥ ነፋስ» በሚል ስም ነው። በአህጉሩ ላይ ነፋስ እየነፈሰ ነው ማለታቸው ነበር። ሥዕሉ ያምራል። ነፋስ ማንም አያግደውም፤ ስለዚህ የነጮቹ መንግሥት ቢቃወምም ለውጡ አይቀርም የሚለው መልእክት ሳይሰድብ ደረሰ። እስከዚህ ድረስ የሚያሳየው ነው። አሁን ደግሞ የሚደብቀውን እንይ። ነፋስ አድራጊ የለውም። ነፋስ አይታሰርም፣ አይሰለፍም፣ ጫካ አይገባም። ዘይቤው በአንድ ቃል የነጻነት ታጋዮቹን ከሥዕሉ አወጣቸው፤ ለውጡ እንደ አየር ጠባይ በራሱ የመጣ መሰለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1963 እ.ኤ.አ.፣ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ በተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት ከሠላሳ በላይ አገሮች መሪዎች ነፋስ አልነበሩም። እዚያው ሕንፃ ውስጥ በአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ላይ ያለፈው፣ ያለው፣ የሚመጣው አፍሪካ ተስሏል፤ እዚያ ሥዕል ውስጥ ደግሞ አድራጊዎቹ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ዘይቤ ነው። አንዱ ሰውን ያጠፋል፣ ሌላው ሰውን ያቆማል። እንግሊዝኛ ስታነቡ ዋጋ «ወጣ»፣ ሥራ «ጠፋ»፣ ቀውስ «መታን» የሚል ሲገጥማችሁ ማን አወጣው፣ ማን አጠፋው ብላችሁ መጠየቅ ልማድ ይሁናችሁ።

አንዳንድ ዘይቤ ደግሞ ከብዛቱ የተነሣ ሥዕሉ ጠፍቶ ቃሉ ብቻ ይቀራል። የሰፈሩ ስም ራሱ እንዲህ ነው። ካዛንቺስ የሚለው የመጣው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ኢንቺስ ይባል ነበር፣ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ቤቶች የሚለው ስም ሰፈር ሆነ፤ ዛሬ ቤቶቹ በአብዛኛው የሉም፣ ስሙ ግን ታክሲ ላይ ይጠራል፤ ሲጠራም ጣሊያን ትዝ የሚለው ተሳፋሪ የለም። እንግሊዝኛውም በእንዲህ ዓይነት ቃላት የተሞላ ነው። የጠረጴዛ «እግር»፣ የወንዝ «አፍ» ሲሉ ሰው አይታያቸውም። እነዚህን ዘይቤ ብላችሁ አታስቡ፤ ዝም ብላችሁ ቃል ነው ብላችሁ እለፏቸው።

ችግር የሚፈጥሩት ግን በሞትና በሕይወት መካከል ያሉት ናቸው፤ ለነዚህ ደግሞ ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የበለጠ ጎረቤት የለንም። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ያለው ይህ ተቋምና በዙሪያው የተኮለኮሉት ቢሮዎች የሚያነቡትና የሚጽፉት እንግሊዝኛ «የዕድል መስኮት»፣ «ምሰሶ»፣ «የጠርሙስ አንገት»፣ «የመንገድ ካርታ» ይበዛበታል። የኛም ቢሮዎች ተቀብለውታል፤ የመንገድ ካርታው «ፍኖተ ካርታ» ተብሎ ግእዝ ለበሰ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ፍኖተ ካርታ የሚወጣ ዕቅድ ብርቅ ነው። የጠርሙሱ አንገት ግን ዕድል አልቀናውም፤ «ማነቆ» የሚል የራሳችን ጉልበተኛ ቃል ነበረን። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 እ.ኤ.አ. ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው መጣጥፉ የነቀፋቸው እነዚህን ነው። ጸሐፊ ሥዕሉን ሳያይ ቃሉን ብቻ ሲደረድር፣ የማይገጣጠሙ ሥዕሎችን ያጋጫል ይላል፤ ሥዕሎቹ ከተጋጩ ደግሞ ጸሐፊው እያሰበ አለመሆኑ ይታወቃል። አሁን ወደ ተማሪያችን ዓረፍተ ነገር ተመለሱ። ሚኒስትሩ መጀመሪያ የተጋገረ ሐይቅ ላይ ነበሩ፤ ከድርብ ሰረዙ በኋላ በማዕበል የሚናጥ መርከብ ላይ ተገኙ። ልጁ ግራ መጋባቱ ትክክል ነበር። ጥሩ አንባቢ ስለሆነ ነው ግራ የተጋባው፤ ጥፋቱ የጋዜጠኛው ነው።

ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደዋል። ዘይቤ የገጣሚ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ሰው የሚያስበው ራሱ በዘይቤ ነው የሚል ነው ክርክራቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጊዜን እንደ ገንዘብ ያያል፤ ያወጣዋል፣ ያባክነዋል፣ ይቆጥበዋል። ክርክርን እንደ ጦርነት ያያል፤ ሐሳብ ያጠቃል፣ አቋም ይከላከላል። እኛም ጊዜ እናባክናለን፣ ተከራካሪንም እንረታለን፤ እዚህ ላይ አንራራቅም። የምንራራቀው ሰውነት ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ልብ ያፈቅራል፣ ይሰበራል። የአማርኛው ልብ ይህንንም ያደርጋል፤ ግን ከዚያ በላይ ያስተውላል፦ ልብ አለ፣ ልብ ገዛ፣ ልበ ቢስ ስንል የምናወራው ስለ አእምሮ ነው። ኀዘኑን፣ ርኅራኄውን፣ ምስጢሩን የያዘው ሆድ ነው፤ ሆዴ ባባ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሆድ ይፍጀው እንላለን። የእንግሊዝኛው ሆድቃ በተራው ድፍረትና የደመ ነፍስ ግምት ነው። እንግሊዛዊ «ሆድቃዬ ነገረኝ» ካለ ጠረጠረ ማለት እንጂ አዘነ ማለት አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥዕል ከየት ይመጣል? ከሕዝቡ ኑሮ ነው፤ ይህን ማወቅ ደግሞ አንባቢውን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል። እንግሊዝ የደሴት አገር ናት፤ ዘመኗን ያሳለፈችው በባሕር ላይ ነው። አዲስ ሠራተኛ «ገመዶቹን ይማራል»፣ ነገር ከተቃና «ሸራው በደህና ይሄዳል»፣ የሰከረ ሰው እንኳ በመርከብ ገመድ ነው የሚገለጸው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሕር በር የሌለው አገር ተማሪ እዚህ ቢቸገር አይፈረድበትም። የአሜሪካው እንግሊዝኛ ደግሞ ቤዝቦል ይበዛዋል፦ ያልተጠበቀ ጥያቄ «የተጠማዘዘ ኳስ» ነው፣ ሻካራ ግምት «በሜዳው ውስጥ ያለ ቁጥር» ነው። ስብሰባ ላይ ይህን ሰምቶ ራሱን የሚነቀንቅ ብዙ ሰው አለ፤ ከሚነቀንቁት ምን ያህሉ እንደገባቸው አይጠየቅም። እግር ኳስ ላይ ስንደርስ ግን እፎይ ነው። ተደራዳሪ ሕጉን መሐል ላይ ሲለውጥ «የግቡን ቋሚ አንቀሳቀሰ» ቢባል፣ ስታዲየም አካባቢ ያደገ የቂርቆስ ልጅ አስተርጓሚ አይፈልግም። ራስ ላይ ግብ ማግባትም እንደዚያው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብታችን ግን መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ይህን መምህራን ሲጠቀሙበት ብዙ አላይም። በንጉሥ ጄምስ ስም በ1611 እ.ኤ.አ. የወጣው ትርጉም ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሰጠው ሥዕል ተቆጥሮ አያልቅም። የእንግሊዝኛ ዓምደኛ «ጽሕፈቱ በግድግዳው ላይ ነው» ብሎ ቢጽፍ ስለ ቀለም ቅብ አይደለም። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 ንጉሡ ብልጣሶር ግብዣ ላይ ሳለ በግድግዳው ላይ የምትጽፍ እጅ ታየችው፤ ያን ሌሊት ተገደለ። ውድቀቱ አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው። የሌላውን ጥፋት የሚሸከም ሰው «ስኬፕጎት» የሚባለው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ነው፤ የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሚለቀቀውን ፍየል ዊሊያም ቲንዴል በ1530 እ.ኤ.አ. በዚያ ቃል ተረጎመው። ደጉ ሳምራዊ፣ የተከለከለው ፍሬ፣ ሠላሳው ብር፣ የጥፋት ውኃው ሁሉ እዚያ አሉ። በቂርቆስ ወይም በኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ እነዚህን ከለንደን እኩያው የበለጠ ሳያውቃቸው አይቀርም። የጎደለው ነገር፣ በእንግሊዝኛ ሲመጡ የሚያውቃቸው እነዚያው መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ነው።

ሰውን ወይም ተቋምን ተክቶ ስለሚቆም የቦታ ስም ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ዳውኒንግ ስትሪት ዝም አለ»፣ «ዎል ስትሪት ደነገጠ» ሲል መንገድ አልደነገጠም፤ አንዱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፣ ሌላው የአሜሪካ የገንዘብ ገበያ። አራት ኪሎ ስንል ሥልጣን፣ ስድስት ኪሎ ስንል ዩኒቨርሲቲ የምናስብ ሰዎች ይህን ለመረዳት መምህር አንቀጥርም።

ምጸት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሁሉ ከባዱ እሱ ነው። ሌላው ዘይቤ ላይ ቢያንስ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይጮኻል፤ ጠበቃ ሻርክ ሊሆን አይችልምና ቆም ትላላችሁ። ምጸተኛ ጽሑፍ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ጤነኛ ነው። ጆናታን ስዊፍት በ1729 እ.ኤ.አ. ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው ትንሽ ጽሑፍ፣ የአየርላንድ ድሆች ሕፃናቶቻቸውን ለሀብታሞች ምግብ እንዲሆኑ ቢሸጡ ድህነቱ ይቃለላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቁጥር ይደምራል፣ ወጪና ገቢ ያሰላል፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ይህ ሰው ጭራቅ ነው ብሎ መጽሐፉን መወርወር ይቻላል። ቁልፉ ያለው በድምፁና በጉዳዩ አለመመጣጠን ላይ ነው፦ ለእንዲህ ያለ አሰቃቂ ነገር እንዲህ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ እርጋታ። ወደ መጨረሻው ደግሞ እውነተኛዎቹን መፍትሔዎች፣ ከአገር ርቀው በሚኖሩ ባለርስቶች ላይ ግብር መጣልን፣ የአገርን ምርት መጠቀምን ይዘረዝርና «እነዚህን አትንገሩኝ» ይላል። ወርቁ እዚያ ነው፤ አልፈልግም ያለውን ነው የሚፈልገው።

ከኛ ሰው በእንግሊዝኛ ይህን መንገድ የሄደው ሐማ ቱማ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በሄይንማን የአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ የታተመው የአጫጭር ልቦለድ መድበሉ «የሶሻሊስቱ ጠንቋይ ጉዳይ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። ብዙዎቹ ታሪኮች በደርግ ዘመን ችሎት ፊት የቀረቡ ሰዎች ክስ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ የሚናገረው ከባድ የአብዮት ቋንቋ ነው፣ ተከሳሹ የሚመልሰው በአገርኛ ብልሃት። እዚህ የስዊፍት ተቃራኒ ነው የተሠራው፦ ለማይረባ ክስ ግዙፍ ቋንቋ። በዚያ ዘመን ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ አንባቢ ሳቁን ያገኛል፣ ድንጋጤውንም። እንግሊዞች ደግሞ ለዕለት ኑሮ የሚጠቀሙበት ዝቅ ያለ ዓይነት አላቸው፤ «መጥፎ አይደለም» ካሉ በጣም ጥሩ ነው ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ «እጅግ ደፋር ሐሳብ ነው» ካሏችሁ ግን ሐሳባችሁን ደግማችሁ መርምሩ።

ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ሰምና ወርቁን ከነመሣሪያው ይዘው ገብተዋል። አዲስ አበባ የተወለደችው መዓዛ መንግሥቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውና በተከታዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነው «የጥላው ንጉሥ» ልቦለድ ውስጥ አንድ ገበሬ አለ። መልኩ ንጉሠ ነገሥቱን ይመስላል፤ ንጉሡ በተሰደዱበት የማይጨው ማግሥት አርበኞቹ ልብሱን አልብሰው ያቆሙታል። ስሙ ምንም ነው። የውጭ አንባቢ ይህን ስም በላቲን ፊደል እንዳለ አንብቦ ማለፍ ይችላል፤ ልቦለዱ ቢያብራራለትም የገባው በአእምሮው ነው። አማርኛ አንባቢ ግን «ምንም ንጉሥ ሆነ»፣ «ምንም የለም»፣ «ምንም ቢሆን» የሚሉትን ሁሉ አብሮ ይሰማል። ዲናው መንግሥቱ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልቦለዱን አሜሪካ ሲያሳትም ርዕሱን ከዳንቴ «ሲኦል» የመጨረሻ ስንኞች ወስዶ ሰማይ የተሸከማቸው ውብ ነገሮች አለው፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ያው መጽሐፍ «የአብዮት ልጆች» ተብሎ ወጣ። ታሪኩ ከአብዮቱ ሸሽቶ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ትንሽ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ነው። ሁለተኛው ርዕስ ምን እንደሚገጥማችሁ ይነግራችኋል። የመጀመሪያው ግን ሰውየው ከሲኦል ሊወጣ ሲል ሰማዩን በቀዳዳ እያየ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ዳንቴን ካወቃችሁ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

አሁን ማስታወሻ ደብተር ለያዘ አንባቢ አንድ የአሠራር ምክር። የማይገጥም ዓረፍተ ነገር ስታገኙ መጀመሪያ ቃል በቃል እመኑት፤ በረዶውን እዩት፣ መርከቡን እዩት። ሥዕሉን ያላየ ሰው ወርቁን አያገኝም። ቀጥላችሁ ጽሑፉ በእውነት ስለ ምን እያወራ እንደነበር ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ከሥዕሉ የትኛው አንድ ጠባይ እንደተሻገረ በራሳችሁ አማርኛ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ሚኒስትሩ በቀላሉ ሊወድቁ ይችላሉ» ያህል። በመጨረሻ ቀጣዩን አንቀጽ አንብቡ፤ የጻፋችሁት ከዚያ ጋር ከተጣላ የመረጣችሁት ጠባይ ትክክለኛው አይደለም፣ ሌላ ፈልጉ። ሥዕሉን ጭራሽ ካላወቃችሁት፣ እንደ ቤዝቦሉ፣ መገመት ትታችሁ ጠይቁ፤ በግምት የሚገኝ አይደለም።

ለእንግሊዝኛ መምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ፈተና ስታወጡ «የዘይቤውን ስም ጻፍ» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ከሰሙ ወደ ወርቁ የተሻገረው ምንድን ነው?» የሚለውን አስቀድሙ፤ ተማሪው ቢፈልግ በአማርኛ ይመልስ። የመልሱን ማርክ ከፍ አድርጉት፤ ለስሙ አንድ ማርክ ይበቃዋል።